ሽሪምፕ እንደ ወጥ አይቆይም፦ ለ12 እንግዳ ሲፉድ ቦይል ማዘጋጀት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለልጄ ምረቃ 12 ሰው ጠርቼ ሲፉድ ቦይል (ክራብና ሽሪምፕ ከድንችና ከበቆሎ ጋር የሚቀቀልበትን የአሜሪካኖች ምግብ) ላቀርብ ስላሰብኩ ባለፈው ቅዳሜ ሞከርኩት። ሽሪምፑን እንደ ዶሮ በሎሚና በጨው አጥቤ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። በትልቅ ድስት ውሃ፣ የስምንት ሎሚ ጭማቂና አንድ ኩባያ በርበሬ አድርጌ ድንቹን፣ በቆሎውን፣ ክራቡንና ሽሪምፑን አንድ ላይ ጨምሬ 30 ደቂቃ ቀቀልኩ። ሽሪምፑ ላስቲክ ሆነ፤ ድንቹ መሃሉ አልበሰለም፤ በርበሬው ግርጌው ላይ ተቀምጦ ቀረ፤ ጣዕም የሚባል አልገባበትም። ምግብ ቤት የምንበላው እንዲህ አይደለም። ምን አጠፋሁ? ከእንግዶቼ ሦስቱ ክራብም ሽሪምፕም አይበሉም። አንዷ ደግሞ የሽሪምፕ አለርጂ አለባት፤ ግን ‹ትንሽ ነው የሚያሳክከኝ፣ ክኒን ውጬ እመጣለሁ› ብላኛለች።»

ምላሽ፦ እንግዳዎ ክኒን ውጣ መምጣት የለባትም። ከሽሪምፑም ከድንቹም በፊት መስተካከል ያለበት ይህ ነው። የሽሪምፕና የክራብ አለርጂን በብዛት የሚቀሰቅሰው ትሮፖሚዮሲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ይህ ፕሮቲን ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም። ወደ ውሃው ይወጣል፤ ከውሃው ወደ ድንቹና ወደ በቆሎው ይገባል፤ ድስቱ ሲንተከተክ ከእንፋሎቱ ጋር ቤቱን ይሞላል። አንድ ፍሬ ሳይቀምሱ እንፋሎቱን በመተንፈስ ብቻ የሚታመሙ ሰዎች አሉ። ስለዚህ «ለእሷ ለብቻዋ በትንሽ ድስት እሠራለሁ» የሚለው ሐሳብ እዚያው ምድጃ ላይ፣ በዚያው ጭልፋ እስከሆነ ድረስ አያዋጣም። የምትውጠው ክኒን ማሳከኩን ሊያስታግስ ይችላል፤ ጉሮሮ ማበጥ ከጀመረና የደም ግፊት ከወረደ ግን የሚያድናት የኤፒነፍሪን መርፌ እንጂ ክኒን አይደለም። ባለፈው ጊዜ ያሳከካት ትንሽ መሆኑም ለሚቀጥለው ጊዜ ዋስትና አይሰጥም። እንግዲህ ያለዎት ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ እሷ በምትመጣበት ቀን ሽሪምፕና ክራብ ቤት አይገባም፣ ወይ እሷን ሌላ ቀን ይጠሯታል። ለምረቃው የምመክርዎት የመጀመሪያውን ነው፤ በምን እንደሚተኩት ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

የሦስቱ እንግዶች ነገር ከዚህ ይለያል፤ ጉዳዩ የጤና ሳይሆን የእምነት ይመስለኛል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በውሃ ውስጥ ካሉት ክንፍና ቅርፊት ያላቸውን ብሉ፣ የሌላቸውን አትብሉ ይላል፤ ብዙ የእኛ ሰው፣ ጾመኛ ባይሆን እንኳ፣ በዚህ አድጓል። ለእነሱ እንፋሎቱ ምንም ማለት አይደለም፤ «ድንቹን ብቻ አንሱ» ማለት ግን ድንቹ ክራብ በተቀቀለበት ውሃ ውስጥ ቆይቶ ስለሚወጣ እያወቁ ማታለል ይሆናል። አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር፤ ካትፊሽ፣ በእኛ አምባዛ የምንለው፣ ዓሣ ቢሆንም ቅርፊት የለውም፤ ስለዚህ «ለእነሱ ዓሣ ገዝቻለሁ» ብለው ካትፊሽ ቢያቀርቡ ወደዚያው ጥያቄ ተመለሱ ማለት ነው። ሙስሊም እንግዳ ካለ ደግሞ ቦይል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጨመረውን ሶሴጅ ይዩት። አንዱዪ የሚባለው የሉዊዚያና ሶሴጅ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው፤ ሐላል የበሬ ሶሴጅ ግን በየሰፈሩ ይገኛል። አንዳንድ ሰው ውሃው ውስጥ ቢራ ይጨምራል፤ እርስዎ ይተዉት። ቀኑንም ይቁጠሩ፤ ቅቤና ሶሴጅ ያለበት ገበታ ረቡዕና ዓርብ አይሆንም።

አሁን ወደ ድስቱ። ያጠፉት ነገር በአንድ ቃል ወጥ መሥራትዎ ነው። እኛ ያደግነው በቆየ ቁጥር የሚጣፍጥ ምግብ ስናበስል ነው፤ ሥጋው ባይበስል «ትንሽ ይቆይ» እንላለን፣ ሁሌም ትክክል ነን። የበሬ ሥጋ ጅማት አለው፤ ጅማቱ ረጅም ሰዓት እሳት ላይ ሲቆይ ቀልጦ ሥጋውን ያለሰልሰዋል። ሽሪምፕ የሚቀልጥ ጅማት የለውም ማለት ይቻላል። ያለው ስስ የጡንቻ ፕሮቲን ነው፤ ይህ በሦስት በአራት ደቂቃ ይረጋል፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ደቂቃ ውሃውን እየጨመቀች ታወጣዋለች። 30 ደቂቃ የተቀቀለ ሽሪምፕ 30 ደቂቃ ሲጨመቅ የቆየ ሽሪምፕ ነው፤ አንድ ሰዓት ቢጨምሩለትም አይለሰልስም። ከለመድነው ምግብ ሽሪምፕን የሚመስለው ለብለብ ነው፤ ለብለብን ማንም «ትንሽ ይቆይ» አይለውም።

የመጀመሪያ አለቃዬ ሉዊዚያና ተወልደው ያደጉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰዓት አያዩም ነበር። ከድስቱ አንድ ሽሪምፕ በጭልፋ ያወጡና በጣታቸው ለሁለት ይሰብሩታል። መሃሉ ላይ ብርጭቆ የመሰለ ግራጫ ነገር ካለ ይመልሱታል። ዳር እስከ ዳር ነጭ ከሆነ «አውጣ!» ነው፤ የያዝኩትን ሁሉ ጥዬ እሮጣለሁ። ቅርጹም ይናገራል፦ ግማሽ ጨረቃ ሲመስል ደርሷል፤ እንደ ቀለበት ከተጠቀለለ አልፎበታል። ቴርሞሜትር ካለዎት 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቂ ነው።

የሎሚውን እጥበት በሚመለከት ብዙ ሰው እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ። ዶሮን በሎሚና በጨው እያሹ ውሃው እስኪጠራ ማጠብ የእናቶቻችን ሥርዓት ነው፤ እሱን አልነካም። ሽሪምፕ ግን ዶሮ አይደለም። ሎሚው ውስጥ ሲያድር አሲዱ ያለ እሳት ያረጋዋል፤ ስለዚህ ሽሪምፑ ድስቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግማሽ መንገድ ሄዷል፣ ላዩም ሻክሯል። ሎሚ ጀርምም አይገድልም፤ የሚገድለው ሙቀት ነው። ሽሪምፕ የሚፈልገው በቀዝቃዛ ውሃ ፈጠን ብሎ መለቅለቅ፣ ጀርባው ላይ ያለው ጥቁር ክር (አንጀቱ ነው) መውጣት፣ ከዚያ በወንፊት መንጠፍ ብቻ ነው። እጥበቱ «ሽታውን ለማጥፋት» ከሆነ ደግሞ ይጠንቀቁ። ደህና ሽሪምፕ የባሕር ሽታ ይሸታል፤ አፍንጫ የሚወጋ የአሞኒያ ሽታ ካለው ተበላሽቷልና ወደ ቆሻሻ ነው፣ በሎሚ ሸፍኖ ማብሰል የለም።

ስለ ግዢው፦ በበረዶ ላይ ተደርድሮ «ትኩስ» የሚባለው ሽሪምፕ አብዛኛው በረዶው የቀለጠለት ፍሪዘር ሽሪምፕ ነው። መቼ እንደቀለጠ ስለማያውቁ እንደበረደ የታሸገውን ይግዙና ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው ያቅልጡት፤ ከቸኮሉ በታሸገ ፕላስቲክ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ጠረጴዛ ላይ አውጥተው አይተዉት። ከረጢቱ ላይ ያለው 16/20 ወይም 21/25 የሚል ቁጥር በአንድ ፓውንድ ስንት ፍሬ እንዳለ ነው የሚናገረው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽሪምፑ ይተልቃል። ለቦይል 21/25 ይበቃል፣ ሽሪምፑ ከዚህ ካነሰ በሁለት ደቂቃ ያልፍበታል። ሽፋኑ ሳይገፈፍ ጀርባው ተሰንጥቆ አንጀቱ የወጣለትን ይምረጡ፤ ሽፋኑ ሥጋውን ከእሳቱ ይከላከልለታል፣ እንግዳውም በእጁ የሚልጠው ነገር ያገኛል።

ድንቹ ሌላ ታሪክ ነው። ሁለት ነገር ተባብረውበታል። አንደኛው ትልቅነቱ ነው፤ ሙሉ ድንች ጨምረው ከሆነ 30 ደቂቃ ቀዝቃዛ ሽሪምፕና በረዶ ክራብ ባቀዘቀዘው ውሃ አይበቃውም። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የስምንት ሎሚ ጭማቂ ነው። የድንችን ሕዋሳት አጣብቆ የያዛቸው ፔክቲን ነው፤ ድንች የሚለሰልሰው ይህ ሲላላ ነው፣ አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ ደግሞ ቶሎ አይላላም። ቲማቲም የበዛበት ወጥ ውስጥ የገባ ድንች ለምን እንደሚያስቸግር አስበው ያውቃሉ? ምክንያቱ ያው ነው። ሎሚው መጨረሻ ላይ፣ ከድስቱ ከወጣ በኋላ ይጨመቅበታል።

ክራቡ ደግሞ ሲገዙት የበሰለ ነበር። ገበያ ላይ በረዶ ሆኖ በዘለላ የሚሸጠው የስኖ ክራብ እግር ተቀቅሎ የታሸገ ነው፤ ቀለሙ ብርቱካናማ የሆነውም ለዚያ ነው። የሚፈልገው መሞቅ ብቻ ነው፤ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ደቂቃ። በጨው ውሃ ስለሚበርድም የራሱ ጨው አለው። በነፍስ ያለ ሰማያዊ ክራብ ከገዙ ግን ሕጉ ይገለበጣል፤ እስከ ድስቱ ድረስ ሕያው መሆን አለበት፣ ሳይበስል የሞተ ክራብ አይበላም። የሜሪላንድ ሰው ደግሞ እሱን አይቀቅለውም። ኮምጣጤና ቢራ በተጨመረበት ውሃ እንፋሎት ላይ ቆልሎ፣ በየደርቡ ኦልድ ቤይ የሚባለውን ቅመም ነስንሶ 20 ደቂቃ አካባቢ ያበስለዋል፤ ክራቡ ውሃውን አይነካም። (ኦልድ ቤይን የፈጠረው ጉስታቭ ብሩን ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ባልቲሞር የደረሰ አይሁዳዊ የቅመም ነጋዴ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1939 አካባቢ። ስደተኛ ባይኖር የዚህ አገር ምግብ ምን ይመስል እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ።) ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚደግስ ሰው ሕያው ክራብ አልመክርም፤ ማጠቢያው ላይ ሲያመልጥዎት ልጆቹ ይጮሃሉ፣ እርስዎም ይጮሃሉ።

ወደ በርበሬው እንምጣ፤ ጣዕም ያጡት እዚህ ላይ ነው። የበርበሬ ቀለምና ማቃጠል የሚሟሟው በቅባት እንጂ በውሃ አይደለም። ወጥ ስንሠራ ቁሌቱን በዘይት የምናደርገው፣ በርበሬውን በቅባቱ የምናበስለው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ውሃ ውስጥ የተበተነ በርበሬ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ከዚያ ይሰምጣል። ውሃ የሚሸከመው ጨውንና የሙሉ ቅመሞችን መዓዛ ነው፤ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ የሰናፍጭ ፍሬ፣ ቤይ ሊፍ፣ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ። እነዚህን በቀጭን ጨርቅ ቋጥረው ውሃው ውስጥ 15 ደቂቃ ያፍሏቸው። በርበሬው ቅቤ ውስጥ ይገባል።

«ምግብ ቤት የምንበላው» ያሉትም ይህንኑ ቅቤ ነው። ነባሩ የሉዊዚያና አበሳሰል ቅመሙን ውሃው ውስጥ አድርጎ፣ እሳቱን አጥፍቶ፣ ክሮፊሹን (ትንሽ ሎብስተር የሚመስለውን የወንዝ ፍጥረት) እዚያው እያራሰ ያቆየዋል፤ ላዩ ላይ መረቅ አያፈስበትም። ዛሬ በየሞሉ በፕላስቲክ ከረጢት በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ ተለውሶ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. ከ1975 በኋላ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የአሜሪካ ዳርቻ የመጡ የቬትናም ስደተኞች ያመጡት ነው፤ ሂውስተን በዚህ ስሟ የተጠራ ከተማ ናት። ቤትዎ ውስጥ የሚሳካልዎትም ይኸኛው ነው። ውሃው ለጨው፣ ቅቤው ለቅመም።

ለ12 ሰው የሚሆነው ቅቤ እንዲህ ይሠራል። 250 ግራም ንጥር ቅቤና 350 ግራም ጨው የሌለው ተራ ቅቤ። ንጥር ቅቤ ብቻውን አይሁን፤ ኮሰረቱና በሶብላው የክራብንም የዓሣንም ስስ ጣዕም ይውጠዋል፣ ዶሮ ወጥ እንደበሉ ይሆናል። ተራው ቅቤ ውስጥ ያለው ወተት ደግሞ ከመረቁ ጋር አስማምቶ ያወፍረዋል። ንጥሩን በጣም በዝግታ አሙቀው የሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት ክትክት ይጨምሩ፤ መዓዛው እስኪወጣ እንጂ እስኪቀላ አይጠብቁ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይግባ፤ ወዲያው ከድስቱ መረቅ በጭልፋ ጠብ እያደረጉ፣ ልክ እንደ ቁሌት፣ እንዳያርር እያማሰሉ አምስት ደቂቃ ያብስሉት። ከእሳት አውርደው ተራውን ቅቤ እየቆረሱ ያማስሉበት፤ በመጨረሻ የሁለት ሎሚ ጭማቂ። ሚጥሚጣ ለሚወድ ዳር ላይ ይቅረብ፣ ለልጆች በርበሬ የሌለበት ቅቤ በትንሽ ሳህን። ይህን ቅቤ በዕለቱ ይሥሩት፤ ነጭ ሽንኩርት በቅባት ውስጥ ያለ ፍሪጅ ማሳደር አደገኛ የምግብ መመረዝ ያመጣል።

የድስትና የእሳት ነገር ደግሞ ከምንም በላይ ሰው የሚሸወድበት ነው። ለ12 ሰው አንድ 30 ሊትር ድስት መግዛት የሚያምር ሐሳብ ይመስላል። የተለመደ የቤት ምድጃ ያንን ያህል ውሃ ለማፍላት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሊወስድበት ይችላል፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲጨምሩበት ደግሞ መፍላቱን ያቆምና ቶሎ አይመለስም። ባለፈው ቅዳሜ የደረሰብዎት ግማሹ ይህ ነው፤ 30 ደቂቃ ቀቀልኩ ብለው የቆጠሩት ውስጥ ውሃው በትክክል የፈላበት ጊዜ ምናልባት ግማሹ ነው። ክብደቱም አለ፤ ሲሞላ ከ30 ኪሎ ያልፋል፣ የመስታወት ምድጃ ላይችለው ይችላል፣ ልጆች በሚሯሯጡበት ኩሽና ይዞ መዞርም ራስን ማቃጠል ነው። በፕሮፔን ምድጃ ውጭ ማብሰል ይቻላል፤ ውጭ ማለት ግን ሜዳ ላይ፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ ነው። ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍቶም ቢሆን፣ የአፓርታማ በረንዳ ላይም አይሆንም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ሁለት 11 ሊትር ድስት ይዋሱ፣ በእያንዳንዱ አምስት ሊትር ውሃ ያድርጉ፣ ክዳኑን ይክደኑ። በ20 ደቂቃ አካባቢ ይፈላል፤ የሚጨመረው ሲጨመርም አይፈስም።

እንግዲህ ለምረቃው የምመክርዎት ይህ ነው፦ ሽሪምፑንና ክራቡን ትተው የዓሣ ቦይል ይሥሩ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ሚቺጋን ሐይቅ ዳር፣ ዶር ካውንቲ የሚባል ቦታ አለ፤ የስካንዲኔቪያ ስደተኞች ያስፋፉት የዓሣ ቅቅል ዝነኛ ነው። ከሐይቁ የሚወጣውን ነጭ ዓሣ ወፈር ወፈር አድርጎ ከነአጥንቱ መቁረጥ፣ ከትንንሽ ድንችና ሽንኩርት ጋር ጨው በበዛበት ውሃ መቀቀል፣ የቀለጠ ቅቤ አፍስሶ ማቅረብ ነው። እዚያ መጨረሻ ላይ እሳቱ ላይ ኬሮሲን ይደፉና ድስቱ ገንፍሎ አረፋውን ይዞ ይወጣል፤ ለቱሪስት ትርኢት ነው፣ እርስዎ አረፋውን በጭልፋ ይግፈፉት። ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ ከሆነ ሦስቱ እንግዶችዎ ይበላሉ። የሽሪምፕ አለርጂ ያለባትም አብዛኛውን ጊዜ ዓሣ ይስማማታል፤ የዓሣ አለርጂ የሚመጣው ከሌላ ፕሮቲን ነው። ግን «ዓሣ ትበያለሽ ወይ?» ብለው ራሷን ይጠይቋት። ዓሣውንም ሽሪምፕ በተዘረጋበት በረዶ፣ በዚያው ቢላዋ ከሚቆረጥበት ቆጣሪ ሳይሆን ታሽጎ የመጣውን ይግዙ፤ የቅዳሜውን ድስትና ጭልፋም በሳሙና በደንብ ይጠቡ።

የዓሣው ዓይነት ላይ አይሳቱ። ቆሮሶ በስስ ፊሌቶ ከሆነ ይበታተናል። ወፍራም የሳልመን ስቴክ፣ ኮድ፣ ስናፐር፣ ወይም የዚሁ የሜሪላንድ ሮክፊሽ ከነአጥንቱ ይሁን፤ ለአንድ ሰው 300 ግራም ያህል፣ ለ12 ሰው ሦስት ኪሎ ተኩል። ድንች ሦስት ኪሎ፣ እንቁላል የሚያክል፤ ካልተገኘ ለሁለት ይቆረጥ። በቆሎ እሸት 12፣ ለሁለት የተሰበረ። በእያንዳንዱ ድስት በሊትር 40 ግራም ጨው፤ ይበዛል ብለው አይፍሩ፣ አብዛኛው ከውሃው ጋር ይደፋል። ቅመሙ 15 ደቂቃ ከፈላ በኋላ ድንችና ትንንሽ ሽንኩርት ይግባ። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ የቢላዋ ጫፍ ገብቶ ድንቹ ሳይሰነጠቅ ሲቀር በቆሎው ይከተል፤ ከዚያ እሳቱን ቀነስ አድርገው ዓሣውን በማጥለያ ወይም በጭልፋ በቀስታ ያስቀምጡት። ስምንት ደቂቃ፣ ወፍራም ከሆነ አሥር። ሥጋው ከአጥንቱ በሹካ ሲላቀቅ ደርሷል። ድስቱ እየተንተከተከ ከሆነ ዓሣው ይፈርሳል፣ ስለዚህ ውሃው ፈገግ ብሎ ይቆይ እንጂ አይሳቅ።

ሽሪምፕና ክራቡ በልብዎ ካለ፣ ሌላ ቅዳሜ ለስድስት ሰው ያድርጉት። ሽሪምፕ አንድ ኪሎ ተኩል፣ ስኖ ክራብ ሁለት ኪሎ ከ700፣ ድንች አንድ ኪሎ ተኩል፣ ስድስት በቆሎ፣ 700 ግራም የበሬ ሶሴጅ፤ ቅቤው ከላይ ያለው ግማሽ። ጨው በሊትር 25 ግራም፤ የተዘጋጀ የቦይል ዱቄት ከገዙ ግን ብዙዎቹ ጨው አለባቸውና ከረጢቱን አንብበው ይቀንሱ። በአንደኛው ድስት ድንቹ እንደ ላይኛው፣ ቀጥሎ ሶሴጁና በቆሎው ስድስት ደቂቃ። በሁለተኛው ድስት ክራቡ በሁለት ዙር አምስት አምስት ደቂቃ፣ ወጥቶ ይከደን። ከዚያ ውሃው እንደገና በኃይል ሲፈላ እሳቱን ያጥፉ፣ ሽሪምፑን ይጨምሩ፣ ክዳኑን ይክደኑ። በሦስተኛው ደቂቃ አንዱን አውጥተው ይስበሩት። ነጭ ከሆነ ሁሉንም ያውጡ፣ ቅቤው ውስጥ ይለውሱት። እንግዶቹ ሳይቀመጡ ሽሪምፑ ውሃ አይግባ፤ የእኛ ሰው ስድስት ሰዓት ተብሎ ስምንት ሰዓት እንደሚመጣ እኔም እርስዎም እናውቃለን። ድንችና ሶሴጅ ይጠብቃሉ፣ ሽሪምፕ አይጠብቅም።

ጥሬ ኦይስተር ለማስከተል ካሰቡ ይተዉት፤ በተለይ በሞቃቱ ወራት ቪብሪዮ የሚባለው ባክቴሪያ ይበዛል፣ የጉበት ሕመም ያለበትን ሰው ሊገድል ይችላል። እጅዎ ላይ ቁስል ካለም ጥሬውን በጓንት ይንኩ። ጥሬው የነበረበት ትሪ ላይ የበሰለውን አይመልሱ። ምግቡ ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ግቢ ውስጥ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። የምረቃ ሰሞን የሜሪላንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እዚያ ይደርሳል።

ጠረጴዛው ላይ ያልታተመበት ወፍራም ወረቀት ያንጥፉ፤ ጋዜጣ ሲረጥብ ቀለሙ ይለቃል። ሁሉም በእጁ ስለሚበላ ማስታጠቢያውን ከምግቡ በፊትም በኋላም ያዙሩት፤ በኋላኛው ዙር ውሃው ውስጥ ሎሚ ይጨመቅበት፣ ከሽሪምፕ እጥበት የተረፈው ሎሚ ሥራ ያገኘው እዚህ ነው። ለክራቡ መፈልቀቂያ መግዛት አያስፈልግም፤ የኩሽና መቀስ እግሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሰነጥቀው ሥጋው ሙሉውን ይወጣል። ዛጎሉንና የዓሣውን አጥንት በሁለት ከረጢት አሥረው ቆሻሻ እስከሚነሳበት ቀን ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡት፤ በሙቀት ውጭ በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን ካደረ ጎረቤትዎ ምን እንደበላችሁ ሳይጠይቅ ያውቃል።